ልብ የሚመገበው ሲያርፍ ነው

በሐዋሳ ከተማ፣ የጠዋት የእግር ጉዞ ለሚያዘወትሩ ነዋሪዎች በቃል ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ ገና ሳይነጋ ከአሞራ ገደል ተነሥቼ የሐይቁን ዳር ይዤ ስጓዝ አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች በቀር የሚቀድመኝ አይኖርም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቹን እዚያው አገኘኋችሁ። ከመካከላችሁ አንድ አባት ጥቂት አብረን እንደ ተራመድን፣ «እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ይህ ሁሉ መንገድ የተደፈነውን የልቤን ሥር ይጠርግልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት መግቢያ ሌላ ነበር፤ እርሱን ትቼ ከዚህ ጥያቄ ብነሣ የሚሻል ሆኖ አገኘሁት። አጭሩ መልስ፣ አይጠርግም ነው። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብና ካልሲየም በእግር ጉዞ ታጥቦ አይወጣም፤ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ፈልቶ የሚጠጣውም ነገር ሥር ይጠርጋል መባሉ መሠረት የለውም። ጉዞው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ በእኔ ግምት ደግሞ ከመጥረግ የሚበልጥ ነው። ንግግሬ በሙሉ ስለዚያ «ሌላ ነገር» ነው።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል እየመታ ደም በውስጡ ሲያሳልፍ ይውላል፣ ያድራል። የሚገርመው፣ የልብ ጡንቻ በጓዳዎቹ ከሚያልፈው ከዚህ ሁሉ ደም በቀጥታ የሚጠቀመው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለ ሆነ ኦክስጅኑ ከጓዳው ተነሥቶ ሥጋውን ዘልቆ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ልብ እንደ ማንኛውም የአካል ክፍል የራሱ ደም ቅዳዎች፣ ማለትም ደም የሚያመጡለት ሥሮች፣ ያስፈልጉታል። አዎርታ የምንለው ታላቁ ደም ቅዳ ከልብ እንደ ወጣ፣ ከመውጫው በር፣ ከቫልቩ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቀኝና ግራ ሁለት ቅርንጫፎች ይወጡለታል። ግራው ወዲያው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በልብ ፊት ለፊት ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል። ልብን እንደ ዘውድ ከብበው ስለሚይዙት በላቲን ቋንቋ ዘውድ ከሚለው ቃል ኮሮናሪ የሚለውን ስም አግኝተዋል። አዋቂ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓት በእነዚህ ሥሮች በየደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ጥቂት ያነሰ ደም ያልፋል። ይህም ልብ ከሚረጨው ደም 5 በመቶ ገደማ ነው። የልብ ክብደት ግን ከሰውነታችን ክብደት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ልብ ለራሱ ቆንጣሪ አይደለም።

ቆንጣሪ ሊሆንም አይችልም፤ ምክንያቱን ጠጋ ብለን እንየው። የእግር ጡንቻ በዕረፍት ላይ ሳለ ደም ካመጣለት ኦክስጅን ሩቡን ያህል ብቻ ወስዶ ቀሪውን ይመልሳል። ሥራ ሲበዛበት ከዚያ ከሚመልሰው ላይ ይጨምራል፤ በኪሱ የተረፈ ነገር አለው ማለት ነው። ልብ ግን ገና ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ ከሚደርሰው ኦክስጅን ከ70 እስከ 80 በመቶውን አሟጥጦ ይወስዳል። እንግዲህ የከተማችንን ተራራ፣ ታቦርን፣ መውጣት ስንጀምር የሚጨመረው ኦክስጅን ከየት ይመጣል? ከኪስ አይመጣም፣ ኪሱ ባዶ ነው። ያለው መንገድ ብዙ ደም ማስመጣት ብቻ ነው፤ በጤናማ ሰው ላይም ያ የደቂቃ ሩብ ሊትር በከባድ ሥራ ጊዜ አራትና አምስት እጥፍ ሆኖ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የልብ ደም አቅርቦት ጥያቄ በዕረፍት ጊዜ ስንት ደም ያልፋል የሚል አይደለም፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ስንት እጥፍ ሊጨምር ይችላል የሚል ነው። ሐኪሞች ይህን የመጨመር አቅም የደም ፍሰት ተጠባባቂ ይሉታል። የልብ ሥሩ የጠበበ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ደኅና ሆኖ ሳለ ዳገት ሲጀምር ደረቱን የሚጨመድደው ይህ ተጠባባቂ ስላለቀበት ነው።

አሁን ወደ ንግግሬ ርእስ ደረስኩ። ድግስ ቤት ውስጥ እንግዳ የምታስተናግድ ባለቤትን አስቡ። ወጡ ከድስቷ፣ እንጀራው ከመሶቧ ነው፤ ሆኖም ቁጭ እስክትል ድረስ አንድ ጉርሻ እንኳ አይደርሳትም። ልብም እንዲሁ ነው። ጡንቻው ተኮማትሮ ደም በሚረጭበት ቅጽበት በሥጋው ውስጥ የሚያልፉትን የራሱን ሥሮች ጨምቆ ይዘጋቸዋል፤ በተለይ ከፍተኛ ግፊት በሚሠራው በግራው የታችኛው ክፍል ይህ ጎልቶ ይታያል። የልብ ጡንቻ ደም በብዛት የሚያገኘው ተኮማትሮ ሲያበቃና ሲላላ፣ ማለትም በሁለት ምቶች መካከል ባለችው የዕረፍት ቅጽበት ነው። ከግድግዳው ሁሉ ደግሞ እጅግ የሚቸገረው ለጓዳው የሚቀርበው የውስጠኛው ንብርብር ነው፤ ጭመቃው የሚበረታው እዚያ ነውና። ሥሮች ሲጠብቡ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳውም ይኸው ንብርብር ነው።

ይህችን ቅጽበት እስቲ እናስላት። ልቡ በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ሰው ከምት እስከ ምት 0.8 ሴኮንድ አለው፤ ከዚህ ውስጥ 0.3 ያህሉ የመኮማተር፣ 0.5 ያህሉ የዕረፍት ነው። ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ የመኮማተሪያው ጊዜ የሚያጥረው በጥቂቱ ነው፤ የሚበላው ከዕረፍቱ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ታቦርን በእኩል እርምጃ ቢወጡ፣ የለመደው ልቡ በደቂቃ 110 ጊዜ ሲመታ ያልለመደው 145 ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ከምት እስከ ምት 0.55 ሴኮንድ ያህል ሲኖረው ሁለተኛው የሚቀረው 0.41 ብቻ ነው፤ ከዚያችም ላይ መኮማተሪያው አብዛኛውን ይወስዳል። ሁለተኛው ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ደርሶበታል፤ የልቡ ፍላጎት ጨምሯል፣ የመመገቢያው ጊዜ ደግሞ አጥሯል።

አዘውትሮ የሚደረግ፣ ትንፋሽን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ፣ ማለትም ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ሩጫ፣ ብስክሌት ወይም ዋና፣ መጀመሪያ የሚለውጠው ይህንን ሒሳብ ነው። በወራት ውስጥ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፣ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭም ይበረታል፣ ስለዚህ የዕረፍት ጊዜ ምት ይቀንሳል። ከ75 ወደ 60 የወረደ ልብ በቀን 21,600 ምት ተርፎለታል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ የተረፈ ምት አንድ ጭመቃ የቀረለት፣ አንድ የኦክስጅን ወጪ የዳነ መሆኑን አስቡ። በሌላ አነጋገር እንቅስቃሴ ለልብ የሚያደርገው የመጀመሪያው ውለታ ሥሩን ማስፋት ሳይሆን ጊዜውን ማስፋት ነው።

ሁለተኛው ውለታ በሥሩ በራሱ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ደም ሥር የምናስበው ነገር በአብዛኛው የተሳሳተ ይመስለኛል። «ቧንቧ ተደፈነ» ማለት ስለ ለመድን የደም ሥር በቤታችን ግድግዳ ላይ እንደ ተዘረጋ የውኃ ቱቦ ሆኖ ይታየናል። የደም ሥር ግን ሕይወት ያለው፣ የሚጠብና የሚሰፋ፣ የሚደርስበትን የሚሰማና የሚመልስ አካል ነው። ውስጡ ከአንድ ሕዋስ ውፍረት የማይበልጥ ስስ ሽፋን አለው፤ ኢንዶቴልየም ይባላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ ይህ ሽፋን እንደ ተራ የግድግዳ ወረቀት ይቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፈርችጎት ከባልደረባው ጋር በጥንቸል አዎርታ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ሥሩ አሴቲልኮሊን በሚባለው ንጥረ ነገር የሚላላው ሽፋኑ ሳይነካ ሲቀር ብቻ መሆኑን አሳዩ፤ ሽፋኑ ተፍቆ ከጠፋ ሥሩ መላላቱ ይቀራል። ከሽፋኑ የሚወጣ አንድ መልእክተኛ አለ ማለት ነው። መልእክተኛው በኋላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድም ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከርእሴ ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። የልብ ሕመምተኞች ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ናይትሮግሊሰሪን በሰውነት ውስጥ ይህንኑ ጋዝ በመልቀቅ ነው ሥር የሚያላላው። አልፍሬድ ኖቤል ሀብቱን ያገኘው ናይትሮግሊሰሪንን ወደ ድማሚት በመለወጥ ነበር፤ በሕይወቱ መጨረሻ ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያዘዙለት መድኃኒት ያው ናይትሮግሊሰሪን ሆነ። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው እርሱ ከሞተ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ ያወቁትም በስሙ የተሰየመውን ሽልማት ወሰዱ።

ለመሆኑ ይህንን ጋዝ ሽፋኑ እንዲያመነጭ የሚያዝዘው ማን ነው? ዋናው አዛዥ የደሙ ፍሰት ራሱ ነው። ደም በፍጥነት ሲያልፍ ሽፋኑን ይዳብሰዋል፣ ይፈትገዋል፤ ሽፋኑም ፍትጊያውን ሰምቶ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል፣ ሥሩም ይሰፋል። በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ፍሰቱ ሲጨምር፣ በሳምንታት ውስጥ ሽፋኑ ጋዙን የሚሠራበትን ኢንዛይም ያበዛል። ሰው የሚመላለስበት መንገድ ሣር አይበቅልበትም፤ ደም በብርቱ የሚመላለስበት ሥርም እንዲሁ ለስልሶና ነቅቶ ይኖራል። ሲጋራ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የበዛ ኮሌስትሮል በተቃራኒው ይህንን ሽፋን ያደነዝዙታል፤ በጣም የተጎዳ ሽፋን ደግሞ ስፋ ሲባል ይጠብባል።

ጥቂት መስፋት ብዙ ፍሰት እንደሚያመጣም ልብ በሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን ዣን ፑአዜይ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለክቶ፣ ፍሰቱ ከቱቦው አጋማሽ ስፋት አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚጨምር አሳይቷል። ግፊቱ ሳይለወጥ ቱቦው በ10 በመቶ ብቻ ቢሰፋ ፍሰቱ በ46 በመቶ ይጨምራል። በሰውነታችን ውስጥ ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም፣ የደም ፍሰትን በሚቆጣጠሩት ትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ላይ ዝንባሌው ይኸው ነው።

አሁን፣ የስፖርተኛ የልብ ሥር በእርግጥ ከእኛ ይሰፋል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ክላረንስ ደማር የተባለ አሜሪካዊ የቦስተንን ማራቶን ሰባት ጊዜ ያሸነፈ፣ እስከ እርጅናው የሮጠ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በካንሰር ሲሞት አስከሬኑ ተመርምሮ የልቡ ደም ቅዳዎች ከተለመደው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሰፍተው ተገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ታትሞ ብዙ ተወራለት። ይሁን እንጂ አንድ ሰው አንድ ሰው ነው፤ ሰፊ ሥር ይዞ ተወልዶ ይሆን፣ ወይስ ሩጫው አስፍቶለት፣ ከአስከሬን መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የተሻለ መልስ ሰጠ። ተመራማሪዎቹ እጅግ ረዥም ርቀት የሚሮጡ 11 ወንዶችንና እንቅስቃሴ የማያደርጉ 11 ወንዶችን አነጻጸሩ። በዕረፍት ጊዜ የሥሮቻቸው ስፋት አልተለያየም። ናይትሮግሊሰሪን ሲሰጣቸው ግን የሯጮቹ ሥር የጨመረው ስፋት የሌሎቹን ከእጥፍ በላይ ሆነ። እኔ ከዚህ ጥናት የምወስደው፣ የሠለጠነ ሥር ሁልጊዜ የተከፈተ በር ሳይሆን ሲንኳኳ ፈጥኖ የሚከፈት በር መሆኑን ነው።

ይህ ስለ ጤነኞች ነው። ታማሚዎችስ? እ.ኤ.አ. በ2000 ከጀርመን ሀገር፣ ከላይፕዚግ ከተማ የወጣ ጥናት የልብ ደም ቅዳ በሽታ ያለባቸውን 19 ሰዎች ተከታተለ። በመጀመሪያው ምርመራ ሥሮቻቸው አሴቲልኮሊን ሲሰጣቸው መስፋት ሲገባቸው ጠበቡ፤ ሽፋኑ መታመሙን ያሳያል። ከፊሎቹ በክትትል ሥር ሆነው ለአራት ሳምንታት በየቀኑ የአካል እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ተደረገ። ከአራት ሳምንታት በኋላ በሠሩት ሰዎች ላይ ያ የተገላቢጦሽ መጥበብ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በአራት ሳምንት ውስጥ የተጠረገ ስብ አልነበረም፤ የተለወጠው የሽፋኑ ጠባይ ነው። ጠዋት ላይ ለጠየቁኝ አባት ከማንኛውም ማስረጃ በላይ የምጠቅሰው ይህንን ነው።

ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሌላ ጥናት ሕመማቸው የተረጋጋ 101 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ በየቀኑ 20 ደቂቃ ብስክሌት እንዲነዱ፣ ግማሾቹ የጠበበው የልብ ሥራቸው ስቴንት በሚባል፣ በሥር ውስጥ በሚገባ ትንሽ የሽቦ ቱቦ እንዲከፈት አደረገ። ከዓመት በኋላ ከባድ የልብ ችግር ሳይገጥማቸው የቆዩት ከብስክሌተኞቹ 88 በመቶ፣ ከሌሎቹ 70 በመቶ ሆኑ። አንድ የጠበበ ቦታን መክፈት ያንን ቦታ ብቻ ያክማል፤ እንቅስቃሴ ግን የሥሩን ሁሉ ሽፋን ይነካል። ይህን የሰማ ሰው ግን ስቴንት አልፈልግም ብሎ ከሐኪም እንዳይሸሽ አደራ እላለሁ። ጥናቱ ሕመማቸው በተረጋጋ፣ ተመርጠው በተመረመሩ ጥቂት ወንዶች ላይ የተደረገ ነው፤ ልብ በድንገት ደም ሲቋረጥበት ሥሩን ፈጥኖ መክፈት ነፍስ ያድናል፣ ለዚያ ብስክሌት ምትክ አይሆንም።

በሁለት ሥሮች መካከል ስለሚዘረጉት ተለዋጭ መንገዶች ብዙ ሲነገር ትሰማላችሁ። አንዱ ሥር ሲጠብ ከጎረቤቱ የሚመጡ ጥቃቅን መሸጋገሪያዎች ይሰፋሉ፤ እንቅስቃሴም ይህንን በመጠኑ ያግዛል፤ ነገር ግን በሰው ላይ የታየው ለውጥ አንዳንዶች እንደሚያወሩት «አዲስ ሥር አበቀለ» የሚያሰኝ አይደለም። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ፀጉር መሰል የሚባሉት፣ ከሁሉ የቀጠኑት ሥሮች ነገር ነው። በደም ግፊት ምክንያት የወፈረ ልብ ሥጋው ሲጨምር ፀጉር መሰሎቹ ሥሮች በዚያው ልክ ስለማይጨምሩ ሥጋው ከሥሮቹ ይርቃል። በእንቅስቃሴ የጎለበተ ልብ ግን ሥጋውና ሥሮቹ ተያይዘው ያድጋሉ። ሁለቱም «ትልቅ ልብ» ይባላሉ፣ ግን አንዱ የተራበ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዊልያም ሄበርደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1772 አንጃይና የሚባለውን የደረት ሕመም ሲገልጽ፣ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ ሲቆርጥ ቆይቶ ሊድን የደረሰ አንድ ታማሚ ማወቁን ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጽረው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች የልብ ሕመም የሚያገኛቸው ያነሰ መሆኑን አሳተሙ። ሞሪስ ራሱ በኋላ የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጦ፣ ሾፌሮቹ ገና ሥራ ሲጀምሩም ወገባቸው ሰፋ ያለ እንደ ነበር ማስተዋሉን አልደበቀም፤ ይህ ቅንነቱ ሥራውን ይበልጥ ያስከብርልኛል። በከተማችን ባጃጅ ረዳት እንኳ የለውም፤ ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ይዞ የሚውለው ወጣት የለንደኑ ሾፌር ዕጣ አለበት።

ስለ መጠኑ ብዙ አልናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየተራመዳችሁ መነጋገር የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ነው። ሜዳማ መንገዶቿ ለብስክሌት የተመቹ፣ የሐይቅ ዳር ያላት ሐዋሳ ለዚህ ምክንያት አታሳጣም፤ ታቦር ለበረቱት ነው። ዋናው መዘውተሩ ነው፤ የሽፋኑ ንቃት ያለ እንቅስቃሴ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳልና። በዓመት አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤት እግር ኳስ ግጥሚያ ብቻ ጫማ የሚያጠልቅ ሰው ደግሞ ከሁሉም የከፋውን መርጧል፤ ያልለመደ ልብ ላይ በድንገት የሚወድቅ ብርቱ ሥራ የልብ ድንገተኛ አደጋን በዚያች ሰዓት ከፍ ያደርገዋል፣ አዘውታሪው ላይ ግን ይህ አደጋ እጅግ ያነሰ ነው።

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ ልብ ደም ቅዳዎች እንጂ ስለ ልብ በሽታ ሁሉ አይደለም። በሀገራችን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭን የሚጎዳ የልብ በሽታ ያለባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ እነርሱ ሩጫ ከመጀመራቸው በፊት የልብ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ሲራመድ ደረቱን የሚጨመድደው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድበት፣ ወይም ራሱን የሚያስተው ሰውም እንደዚሁ።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን ልጻፍ። አንዲት እናት፣ «መድኃኒት እውጣለሁ፣ ምቴ በመድኃኒቱ ምክንያት ቀዝቅዟል፤ ታዲያ መራመዴ ልቤን እንደ ጠቀመው በምን አውቃለሁ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች ምትን ስለሚያዘገዩ የልብ ምት ቁጥር ለእርሳቸው ጥሩ መለኪያ አይሆንም። ስለዚህ ከቤታቸው እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ በስንት ደቂቃ እንደሚደርሱና ስንት ጊዜ ቆመው እንደሚያርፉ በደብተር እንዲጽፉ መከርኳቸው። መድኃኒቱን የማይወስዱት ግን ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ቡናም ሳይቀምሱ፣ ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው ምታቸውን ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩና ቀኑን ጨምረው ይጻፉት፤ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ገጽ ይዘን እንገናኛለን።